ኒዮኖቹን የገደላቸው የጎንደር ውሃ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። መስታወት ቤት ሄጄ 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሳ ገንዳ አሠራሁ። አሸዋና ተክል ጨምሬ ውሃ ሞላሁበት። በማግሥቱ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን 12 አሳ ለቀቅሁ፦ 4 ኒዮን ቴትራ፣ 2 ታይገር ባርብ፣ 2 ኤንጀልፊሽ፣ 2 ዜብራ ዳኒዮ፣ 2 ጎልድፊሽ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ኒዮኖቹ ተራ በተራ አለቁ። የቀሩት ጥግ ይዘው ተደብቀዋል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «የጎንደር ውሃ ለጌጥ አሳ አይሆንም» ይለኛል። እውነት ነው? በቪዲዮ እንደማየው ትናንሽ አሳዎች በለምለም ተክል መሀል አብረው ሲዋኙ ማየት ነበር ምኞቴ። ውሃው በፈረቃ ነው፣ መብራቱም ይጠፋል። ይቻላል ወይስ ልተወው?

ምላሽ፦ ይቻላል ወንድሜ። እንዲያውም ለአንዳንድ በቡድን ለሚዋኙ አሳዎች ጎንደር ከሞቃታማዋ መተማ በጣም ትሻላለች። መጀመሪያ ግን የከተማህን ውሃ ከሐሜት እናውጣው። ኒዮኖችህን የገደላቸው የጎንደር ውሃ ሳይሆን የአዲስ ገንዳ ውሃ ነው። ያንኑ አሳ በዚያው ጥድፊያ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ብትለቀው ውጤቱ ያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሳ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ፣ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። በቆየ ገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ግን ካልበዛ ያን ያህል አይጎዳም፣ ተክሉም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በአሸዋውና በተክሉ ቅጠል ላይ ነው። ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይዘገያሉ። አንተ 12 አሳ የለቀቅኸው በማግሥቱ ነው። አሞኒያው ይጠራቀማል፣ የሚቀበለው ግን የለም። አዲስ ገንዳ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞት አሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው።

ምልክቱን አይተኸው ይሆናል። አሳው ወደ ላይ ይወጣና ውሃው ጫፍ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስንጥቡ ይቀላል። ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ያጣብቃል። የኒዮኑ ሰማያዊ መስመር ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ግን አትሳሳት፦ ኒዮን ጤነኛ ሆኖም ሌሊት በጨለማ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። እሱ አያስደንግጥህ።

ሁለተኛው ችግር አሳውን የገዛህበት መንገድ ነው። ከኒዮኑ በቀር ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ሰብስበህ የኖኅን መርከብ ነው የሠራኸው። ኒዮንም፣ ዳኒዮም፣ ታይገር ባርብም የቡድን አሳ ናቸው። ትልቅ አሳ ሊበላቸው ሲመጣ፣ ብዙ ተመሳሳይ አካል በአንዴ ሲንቀሳቀስበት የቱን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ለእነሱ ብዛት ማለት ደኅንነት ነው። ጥቂት ብቻ ሲሆኑ ቀኑን ሙሉ የሚበላቸውን እንደጠበቁ ነው የሚውሉት። ምግብ አይበሉም፣ ቀለማቸው ይጠፋል፣ በትንሽ ነገር ይታመማሉ። አንዳንዱ ደግሞ ይከፋል። ታይገር ባርብ በትልቅ ቡድን ውስጥ ሲሆን እርስ በርሱ ሲሯሯጥ ይውላል፤ ሁለት ብቻ ሲሆን ግን ዞሮ የኤንጀልፊሹን ረጅም ክንፍ ይነጫል። ኤንጀልፊሹ በበኩሉ አድጎ ኒዮን አፉ ውስጥ የሚገባለት ቀን ይመጣል፣ ያን ቀንም አይምረውም። ጎልድፊሽማ ከነጭራሹ የዚህ ቤት ሰው አይደለም። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ለስላሳ ተክልህንም ግጦ ይጨርሰዋል።

ሻጮች «ስድስት ይበቃል» ይላሉ። ስድስት መነሻ ነው እንጂ በቂ አይደለም። ከአምስት ዓይነት ሦስት ሦስት ከመግዛት ከአንድ ዓይነት 15 ግዛ። ገንዳህ ያኔ ነው ነፍስ የሚዘራው።

ቪዲዮውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ በኋላ እንዳይከፋህ። ቴትራዎች ቀኑን ሙሉ ተጠጋግተው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው የሚዋኙ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈርተዋል ማለት ነው። የተረጋጋ ቡድን ይበታተናል። አንዱ ቅጠል ሥር ይለቃቅማል፣ ሁለት ወንዶች ክንፋቸውን ዘርግተው ይፎካከራሉ፣ ሌላው ብቻውን ይንሳፈፋል። በሩ ጓ ሲል ግን በአፍታ አንድ ላይ ይሆናሉ። ደስ የሚለው እሱን ማየት ነው። በተፈጥሮው ጥብቅ ሰልፍ የሚወድ ራሚኖዝ የሚባል አፍንጫው ቀይ ቴትራ አለ። እሱ ግን ሞቅ ያለና ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰበት፣ ውሃ ስለሚፈልግ ለጊዜው እርሳው።

አሁን በሕይወት ያሉትን እናድን። ጎልድፊሹን፣ ኤንጀልፊሹንና ታይገር ባርቡን ለሚመቻቸው ሰው ስጥ። ዳኒዮዎቹ ይቆዩ፤ የቡድናቸውን ነገር በኋላ እንወስናለን። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም ቁንጥር አድርገህ ብቻ ስጥ። የገንዳውን ሩብ ውሃ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ቀይር። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፤ ክሎሪኑ ገና መራባት የጀመረውን ባክቴሪያ ይፈጅብሃል። ስፖንጁ ከተደፈነ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። ከተማ ውስጥ የቆየና ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ካወቅህ፣ ስፖንጁን ሲያጥብ የሚወጣውን ቡናማ ጭማቂ ለምነህ ወደ ገንዳህ ጨምር። ሲያዩት ያስጠላል። ግን በጠርሙስ ታሽጎ ከሚሸጠው ባክቴሪያ እሱን አምነዋለሁ። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ጠብታ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው አንድ ሳምንት ሳይቆዩ አንድም አሳ አትጨምር።

ወደ ምርጫው እንምጣ፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ አሳ ይመርጣል፣ ከዚያ ውሃውን ለአሳው ሊያስተካክል ሲታገል ይኖራል። እኔ የምመክርህ ተቃራኒውን ነው። ያለህን ውሃና የቤትህን ሙቀት ለካ፣ ከዚያ በዚያ ውስጥ ሳይቸገር የሚኖር አሳ ምረጥ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በማሞቂያና በመድኃኒት ተደግፎ የሚኖር አሳ ዕድሜው አጭር ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ 11 እና 12 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ይጠጋል። ቤት ውስጥ ያለ ውሃ እንደ አየሩ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም። ቢሆንም በጥምቀት ሰሞን ማለዳ ቴርሞ ሜትር ብትከትበት 18 ዲግሪ፣ አንዳንድ ቤት ከዚያም በታች ብታገኝ አይግረምህ። ከዚያ ቁጥር ተነስ።

እንዲህ ላለ ቤት የእኔ ቀዳሚ ምርጫ ዋይት ክላውድ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን አሳ ናት፤ መጀመሪያ የተገኘችው ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ አጠገብ ባለ ተራራ ጅረቶች ውስጥ ነው። የሳይንስ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ውሃ ያለ ምንም ማሞቂያ ትኖራለች። የሚጎዳት ብርዱ ሳይሆን የሙቀት መብዛት ነው። ጎኗ ላይ ከዓይኗ እስከ ጭራዋ የሚያበራ መስመር አለ፣ የክንፎቿ ጫፍ ቀይ ነው። ድሮ ኒዮን ውድ በነበረበት ዘመን ፈረንጆች «የድሃ ኒዮን» እያሉ ይንቋት ነበር። ሱቅ ውስጥ ነጭ ብርሃን በበዛበት ባዶ ገንዳ ካየሃት በእርግጥም ፈዛዛ ናት። ጥቁር አሸዋና ጥቅጥቅ ያለ ተክል ላይ 15 ሆነው አይተህ ከዚያ ፍረድ።

ሁለተኛው እጅህ ላይ ያለው ዜብራ ዳኒዮ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኔፓል ነው። 18 ዲግሪንም 25 ዲግሪንም ይችላል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚያረቡት አሳ ነው፤ በቀላሉ የማይሞትና ቶሎ የሚራባ ስለሆነ። ዳኒዮዎችህ ከዚያ ሁሉ አሞኒያ መትረፋቸው አያስገርምም። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ዕረፍት የለውም። ሲሮጥ ይውላል፣ ይዘላልም፤ ስለዚህ ገንዳው ክዳን ይኑረው። ዝግ ያለና የሚያረጋጋ ነገር ከፈለግህ ዋይት ክላውድ፣ ሩጫ የበዛበት ነገር ከፈለግህ ዳኒዮ። ሁለቱ ቢቀላቀሉም አይጣሉም።

ለወለሉ ኮሪዶራስ ጨምር፣ በተለይ ቅዝቃዜ የሚችለውንና ሰውነቱ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ፔፐርድ ኮሪ። ለዚህ ገንዳ እነሱ ስድስት ይሁኑ። አሸዋው ደቃቅ ይሁን፤ አፋቸው ዙሪያ ያለችው ጢም በሸካራ ጠጠር ትላላጣለች። ኮሪዶራስ አልፎ አልፎ እንደ ጥይት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ሲመለስ ታያለህ። አትደንግጥ፣ በአንጀቱ አየር የመጠቀም ችሎታ አለው። ደጋግሞ፣ በየደቂቃው የሚመላለስ ከሆነ ግን ውሃው ኦክስጅን አንሶታል።

«እኔ ኒዮን ነው የምፈልገው» ካልህ እሱም ይሆናል፣ ግን በኋላ። ገንዳው ሦስት ወር ይሙላው። 100 ዋት ማሞቂያ አድርግና 23 ዲግሪ ላይ አቁመው። ካርዲናል ቴትራን ከኒዮን ጋር አታምታታ። ካርዲናል ቀዩ መስመር ከራስ እስከ ጭራ የሄደው ነው፤ የኒዮን ቀይ ግን ከሆዱ መሀል ይጀምራል። ካርዲናል 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ጎንደር ውስጥ ማሞቂያው ያለ ዕረፍት መሥራት ይኖርበታል። ኒዮን 21 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር አይሞትም። ለመብራት መጥፋት የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ስንት አሳ ይችላል? 80 በ35 በ40 ሲባዛ 112 ሊትር ይመጣል። ግን እስከ አፉ አትሞላውም፣ አሸዋውም ቦታ ይይዛል። የእውነቱ 90 ሊትር ገደማ ነው። ለዚህ 15 ዋይት ክላውድና 6 ኮሪዶራስ ይበቃሉ። ቦታ የተረፈ ይመስልሃል፣ እንዳትሸወድ። ውሃው፣ መስታወቱና አሸዋው አንድ ላይ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚሆን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጠው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል፣ ይህን የሚነግርህ ሰው ጥቂት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ጎንደር ላይ ከ6.4 ብዙም አያልፍም። ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 7 ከፍ ይላል። ዝቅ ባለ ሙቀት የሚኖር አሳ ምረጥ የምልህ ለዚህም ጭምር ነው። «በሊትር ይህን ያህል አሳ» የሚሉት የፈረንጅ ስሌቶችም ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተሠሩ ናቸው፤ አንተ ሩቡን ቀንስ። የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ፊት እያንቀጠቀጠ ይውጣ። ሌሊት ደግሞ ተክሉም እንደ አሳው ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ስለዚህ አየር መንፊያውን ሌሊት እንዳታጠፋ። «ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ» ካልህ ከሥሩ ጨርቅ አጥፈህ አድርግለት።

ስለ ውሃው። የጎንደር ቧንቧ ውሃ ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም፤ ከአንገረብ ግድብም ከጥልቅ ጉድጓድም ነው። ስለዚህ የጎረቤትህ ልኬት ለአንተ አይሠራም፣ የራስህን ለካ። ዋይት ክላውድና ዳኒዮ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8 ድረስ ይችላሉ፣ ስለዚህ ብዙም ራስህን አታስጨንቅ። ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ለሰው ችግር ነው፣ ለአሳ ግን በረከት ሊሆን ይችላል። በባልዲ ቀድተህ ክፍት አድርገህ 24 ሰዓት ብታሳድረው ክሎሪኑ ይተንናል፣ ሙቀቱም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። ተዘግቶ የተቀመጠ ጀሪካን ወይም ሮቶ ውስጥ ግን ክሎሪኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህ ሳትከፍተው አትመነው። ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን ፈጽሞ አይሆንም። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ሁለት ቀን አስጠልለውና ከላይ ከላይ ቅዳ። ገንዳው ከተረጋጋ በኋላ በሳምንት ሩቡን መቀየር ይበቃል። የምታወጣውን ውሃ እንዳትደፋው፤ ለጓሮ ጎመንህ ከማዳበሪያ አይተናነስም።

ክረምት ሲገባ «የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ለኒዮን ይሆናል» የሚልህ አይጠፋም። ለስላሳነቱ እውነት ነው። ግን የጎንደር ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዝናቡ ዚንኩን ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ አሳን ይገድላል፣ ለስላሳ ውሃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ይብሳል። የዝናብ ውሃ ከፈለግህ ሜዳ ላይ ንጹሕ ላስቲክ ዘርግተህ በቀጥታ ሰብስብ። ያውም ዝናቡ ዘንቦ ዘንቦ አየሩ ከታጠበ በኋላ ይሁን። ከቧንቧው ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅል እንጂ ብቻውን አታድርገው።

አሸዋ የወንዝ ጥቁር አሸዋ ምረጥ። ውሃው ጠርቶ እስኪፈስ እጠበው፣ ክንድህ ይዝላል፣ ግን እጠበው። ከዚያ በእፍኝህ ያዝና አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ ማዕድን አብዝቶ ውሃውን ያከብደዋል። ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ደቅቆና ታጥቦ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ ለባክቴሪያ ጥሩ ቤት ነው፣ ዋጋውም ምንም አይደል። እንጨት ካማረህ የባሕር ዛፍና የጽድ እንዳይሆን፤ ዘይትና ሙጫቸው ውሃውን ይመርዛል።

ተክል ላይ ሰው የሚቸኩለው በውድ ነገር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ፣ የተለየ አፈር፣ ምኑ ቅጡ። ለአንተ ገንዳ አንዱም አያስፈልግም። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ቫሊስኔሪያ፣ ክሪፕቶኮሪንና ሆርንዎርት ካሉህ ሞልቶልሃል። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ልጅ ነው፣ ጥላ ይችላል፣ ቅጠሉ ጠንካራ ነው። እሱንና ጃቫ ፈርንን ሰዎች አሸዋ ውስጥ እየቀበሩ ይገድሏቸዋል። እንደ ዝንጅብል የሚጋደመው ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ያዝ፣ ግንዱን ከላዩ አጋድመው፣ በጥቁር የጥጥ ክር ሦስት አራት ጊዜ ላላ አድርገህ ጠምጥመህ እሰረው። ክሩ በስብሶ እስኪያልቅ ሥሩ ድንጋዩን ይጨብጠዋል። ቫሊስኔሪያን ግን አሸዋ ውስጥ ትከለው፣ ቅጠሉ የሚወጣበት አንገቱ ብቻ ከላይ ይታይ። ክሪፕቶኮሪን ቦታ በቀየረ ቁጥር ቅጠሉ ሟሽሾ ይጠፋል። ነቅለህ አትጣለው፣ ከሥሩ መልሶ ይወጣል። ሆርንዎርት ሥር የለውም፤ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ አሞኒያንም በቀጥታ ይስባል። ዛሬ ገበያ ወጥቼ አንድ ነገር ብቻ ልግዛ ብትለኝ እሱን ነው የምልህ።

መብራት በቀን 7 ወይም 8 ሰዓት በቂ ነው። ተራ ነጭ ኤልኢዲ ይሠራል። ገንዳውን መስኮት ሥር አታድርገው፤ የጎንደር ፀሐይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱን አረንጓዴ ታደርገዋለች።

«ጎርጎራ ወርጄ ከጣና ዳር ተክል ባመጣስ?» እንዳትለኝ። ቫሊስኔሪያም ሆርንዎርትም እዚያ በተፈጥሮ ይበቅላሉ፣ እውነት ነው። ግን ከተክሉ ጋር ቀንድ አውጣ ይመጣል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉትም እነዚህ የንጹሕ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እስከ ክንድህ የምትገባበትን ገንዳ የቢልሃርዝያ ቤት አታድርገው። ከዚያ የሚገኙትን ትናንሽ ባርቦች ማምጣትም አይበጅም። በቡድን የሚዋኙ፣ ብርማ፣ ለዓይን የሚያምሩ ናቸው፤ ግን በጣና ትናንሽ ባርቦች ሆድ ውስጥ የሚያድግ ሊጉላ የሚባል ረጅም ነጭ ትል አለ፣ ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ አይታወቅም። በተቃራኒው ደግሞ ከገንዳህ የተረፈ ተክልም ሆነ አሳ ወደ መገጭ ወይም ወደ አንገረብ እንዳትጥል። መገጭ የሚፈሰው ጣና ነው። እምቦጭ ሐይቁን ምን እንዳደረገው ጎንደር ላለ ሰው አይነገርም። የተረፈህን ተክል ፀሐይ ላይ አድርቀህ አቃጥል።

መብራት ሲጠፋ። አሳህ ዋይት ክላውድ ከሆነ ብርዱ አያስጨንቅህም፣ የሚያስጨንቅህ ኦክስጅኑ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ግዛ። እሱ ከሌለ በኩባያ ከገንዳው እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ምግብ አትስጥ። ኒዮን ከያዝህ በጥር ሌሊት ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ሸፍነው፣ ከላይ ግን ለአየር ክፍተት ተው። ማጣሪያህ በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ። ዝግ የሆነው የጣሳ ማጣሪያ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ይሞታል፣ መብራት ሲመጣ ያን ሁሉ ብስባሽ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል። እሱ ካለህ ሳታጥበው መልሰህ አታስነሳው። ማሞቂያና ፓምፕ የሚቃጠሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራት ሲመለስ ነው። ለፍሪጅህ ስታብላይዘር ካለህ ከዚያው ሰካው። ውሃ ስትቀይር ማሞቂያውን ቀድመህ ንቀል፤ እንደጋለ አየር ካገኘው መስታወቱ ይሰነጠቃል።

አሳ ከአዲስ አበባ ስታስመጣ ሻጩ ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ምግብ ይከልክለው። በመኪና ከሆነ ችግሩ አባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከደጋ ወደ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ የላስቲኩ ውሃም አብሮ ይግላል። ላስቲኩ በፎም ሳጥን ውስጥ ይሁን እንጂ የመኪናው መስኮት ሥር እንዳይቀመጥ።

ቤት ሲደርስ ደግሞ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት አለ። ረጅም መንገድ በመጣ ላስቲክ ውስጥ አሳው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አሞኒያው እምብዛም የማይጎዳ ዓይነት ሆኖ ይቀመጣል። ላስቲኩ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያውም በቅጽበት ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። ከፍተህ «እንዲለምድ» እያልህ ሁለት ሰዓት ጠብታ የምታንጠባጥብበት አሳ ራሱ ባስወጣው አሞኒያ እየተመረዘ ነው። ስለዚህ ላስቲኩን ሳትከፍት ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ክፈት፣ አሳውን በመረብ አውጥተህ ወዲያው ልቀቅ፣ የላስቲኩን ውሃ ድፋው። የገንዳውን መብራት ለዚያ ቀን አጥፋ።

ምግብ ከተረጋጋ በኋላ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ሙልጭ አድርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። እንጀራና ዳቦ አይሰጥም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱም ፍሊት ነው። ለበረሮና ለቁንጫ የሚነፉት መድኃኒቶች ለአሳ እጅግ መርዝ ናቸው። አየር መንፊያው ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚከተው። ቤት ውስጥ ፍሊት የሚነፋ ከሆነ መንፊያውን አጥፋ፣ ገንዳውን በላስቲክ ሸፍን፣ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ መልሰህ ክፈት። የቡናው እጣንም ከገንዳው ራቅ ብሎ ይጨስ። እናትህ ቅር እንዳይላቸው አስቀድመህ አስረዳቸው።

ዳኒዮዎቹን እስከዚያው በደንብ ያዝ። መለኪያው ሲደርስህ የአሞኒያውን፣ የናይትራይቱንና የማለዳውን ሙቀት ቁጥር ላክልኝ፣ የቡድኑን ዓይነትና ብዛት ያኔ አብረን እንቆርጣለን።